ከበረንዳ ሆኖ ቅዳሴ መስማት ማስቀደስ ነው? ስለ መዳንና ስለ መቁረብም ልጠይቅ

የአባዶዋ እናት፦

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ሕንጻው ገና አልተሠራም፤ በቆርቆሮ መቃኞ ነው አገልግሎቱ። ድምፅ ማጉያው ግን እኛ በረንዳ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሁለት ትንንሽ ልጆች ስላሉኝ ብዙ እሑድ ነጠላዬን አጣፍቼ በረንዳ ላይ ቆሜ ነው የምከታተለው። ስሄድም የምደርሰው ወንጌል ከተነበበ በኋላ ነው። ይሄ ማስቀደስ ይባላል?

ሌላው፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ጌታ በመስቀል ላይ ተፈጸመ ብሏል፤ በጸጋ ድነሻል፤ ቅዳሴው፣ ጾሙ፣ ስግደቱ ምን ሊጨምርልሽ ነው?» ትለኛለች። በቅን ልብ ነው የምትጠይቀኝ፤ እኔም በቅጡ ልመልስላት እፈልጋለሁ።

ሦስተኛው የራሳችን ጉዳይ ነው። ከባለቤቴ ጋር የተጋባነው በሰማንያ ነው። ልጆቹ ክርስትና ሲነሡ ቆርበዋል፤ እኛ ግን አልቆረብንም። «ቁርባን ለሕፃንና ለሽማግሌ ነው፤ ወጣት ቆርቦ ራሱን መጠበቅ አይችልም» የሚሉን አሉ። መቁረብ ብንፈልግ ከየት እንጀምር? የምታውቁ በዝርዝር ብታስረዱኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዘሰሜን በር፦

እኅቴ፣ ከመጀመሪያው ጥያቄሽ ልነሣ። ከበረንዳ ቆሞ መከታተል ጸሎት ነው፤ ማንም አይከለክልሽም፤ አራስ፣ ሕመምተኛና አስታማሚ ደግሞ ከዚያ በላይ አይጠየቁም። ማስቀደስ ግን ሌላ ነው። ቅዳሴ የሚሰማ ብቻ ሳይሆን የሚመለስ ጸሎት ነው። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲል «ምስለ መንፈስከ» የሚለው ሕዝቡ ነው። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል «እግዚኦ ተሣሃለነ» የሚለው ሕዝቡ ነው። ይህ ተሰጥኦ ይባላል፤ ያለ እሱ ቅዳሴው ጎዶሎ ነው። ከዚህም በላይ ቅዳሴ መጨረሻው ማዕድ ነው። ድምፁ በረንዳ ድረስ ይመጣል፤ ማዕዱ ግን አይመጣም።

አርፍዶ የመጣ ሰው ምን እንደሚያመልጠው ለማወቅ ቅደም ተከተሉን ማየት ይጠቅማል።

ሕዝቡ ከመድረሱ በፊት በቤተ ልሔም ሥራው ተጀምሯል። ቤተ ልሔም ከቤተ መቅደሱ በስተ ምሥራቅ ያለችው ትንሽ ቤት ናት። ዲያቆናቱ ኅብስቱን ከንጹሕ ስንዴ ያዘጋጃሉ፤ ወይኑ ደግሞ ከዘቢብ ተጨምቆ ይወጣል። ከዚያ ኅብስቱ በመሶበ ወርቅ ሆኖ በክብር ወደ መቅደስ ይገባል። ቀዳስያኑ ቢያንስ አምስት መሆን አለባቸው፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። ዳር ዳር ባሉ አዳዲስ አጥቢያዎች በአዘቦት ቀን ቅዳሴ የሚታጎለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ከአምስቱ አንዱ ሲጎድል አይቀደስም። በሰበካ ጉባኤ ተመዝግቦ አስተዋፅኦ መክፈል ለቆርቆሮና ለሲሚንቶ ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

ቀጥሎ «ሚ መጠን ግርምት ዛቲ ዕለት» ይባላል፤ ይህች ቀን ምንኛ የምታስፈራ ናት እንደ ማለት ነው። ከዕጣኑ ጸሎት በኋላ ንባባቱ ይመጣሉ። ሠራዒው (ዋናው) ዲያቆን ከጳውሎስ መልእክታት ያነባል፤ ንፍቁ (ረዳቱ) ዲያቆን ከያዕቆብ፣ ከጴጥሮስ፣ ከዮሐንስ ወይም ከይሁዳ ያነባል፤ ንፍቁ ቄስ የሐዋርያት ሥራን ያነባል። ከዚያ ምስባክ ከዳዊት መዝሙር ይሰበካል፤ ሕዝቡ ተቀብሎ ይደግመዋል። በመጨረሻ ሠራዒው ካህን ወንጌሉን ያነባል። አንቺ የምትደርሺው እዚህ ላይ ነው ማለት ነው። እንግዲህ የአራት ንባብ ትምህርት አምልጦሻል።

ከወንጌል በኋላ ዲያቆኑ «ጻኡ ንዑሰ ክርስቲያን» ይላል፤ ገና ያልተጠመቁ ንዑሰ ክርስቲያን እንዲወጡ ማለት ነው። የትምህርቱ ክፍል አበቃ፤ የምሥጢሩ ክፍል ሊጀመር ነው። ከዚህ ወዲያ ጸሎተ ሃይማኖት በአንድ ድምፅ ይደረሳል፤ የ318ቱ የኒቅያና የ150ው የቁስጥንጥንያ አባቶች ያጸኑት የእምነት ቃል። ካህኑ እጁን ይታጠብና ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ ንጹሕ የሆነ ይቀበል፣ ያልሆነ ይከልከል፣ እኔ ከደማችሁ ንጹሕ ነኝ ብሎ ያስጠነቅቃል። ብዙ ሰው ይህን በልማድ ያልፈዋል። ቀጥሎ እርስ በርስ ሰላምታ መሰጣጣት አለ፤ ጎረቤቱን ያኮረፈ ሰው እዚያ ጋ ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባል፤ ማቴዎስ 5፥23-24 ስለ መባ የሚለው ይኸው ነው።

ከዚያ ፍሬ ቅዳሴው፤ ኅብስቱና ወይኑ የሚባረኩበት ዋናው ጸሎት። ቤተ ክርስቲያናችን 14 ፍሬ ቅዳሴያት አሏት፤ የሐዋርያት፣ የእግዚእ፣ የእመቤታችን፣ የባስልዮስ፣ የአትናቴዎስ፣ የዮሐንስ አፈወርቅና ሌሎችም። በዓሉና ወቅቱ የትኛው እንደሚቀደስ ይወስናሉ። ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ይላል፤ ልባችሁን ወደ ላይ አንሡ። እኛ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» እንላለን፤ በእግዚአብሔር ዘንድ ነው ብለን ቃል እየሰጠን ነው። ይህን ስልክ እየነካካን እንዳንልም መጠንቀቅ ነው።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው። ለመቁረብ የተዘጋጀ ሰው ከመጀመሪያው መገኘት አለበት፤ «እትዉ በሰላም» እስኪባልም መውጣት የለበትም። ለመቁረብ ያልተዘጋጀም ቢሆን ቢያንስ ከንባባቱ በፊት ይድረስ። ልጆች ላለው ሰው የሚከብደው ሌሊቱ ሳይሆን ጠዋት ልብስ ፍለጋው ነው፤ ልብሱ፣ ነጠላው፣ የልጆቹ ጫማ ቅዳሜ ማታ በር ላይ ይቀመጥ። ግእዙ የሚከብዳችሁ ካለ፣ አንድ ወገኑ ግእዝ፣ ሌላው አማርኛ የሆነ መጽሐፈ ቅዳሴ ግዙ፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ንዋያተ ቅድሳት መሸጫ ይገኛል። መጀመሪያ ካህኑ የሚለውን ሳይሆን የሕዝቡን ተሰጥኦ ብቻ አጥኑ፤ አጫጭር ናቸው፣ በየሳምንቱ ይደጋገማሉ።

የነገረ ድኅነት ተማሪ፦

ዘሰሜን በር ቃለ ሕይወት ያሰማልን። እኔ ሁለተኛውን ጥያቄ ልውሰድ፤ ምክንያቱም ሦስተኛው የሚፈታው ከእሱ በኋላ ነው።

እኅቴ፣ ባልደረባሽ የጠቀሰችውን አትቃወሚ። እውነት ነው። ድኅነት የእግዚአብሔር ስጦታ እንጂ በጾም ብዛት የምንገዛው ዕቃ አይደለም። ክርስቶስ ራሱን አንድ ጊዜ ሠውቷል፤ ዕብራውያን 10፥10-14 ግልጽ ነው። ቅዳሴም መስቀሉን አይደግምም። «ይህን እንጀራ በበላችሁ ጊዜ ሁሉ፣ ይህንም ጽዋ በጠጣችሁ ጊዜ ሁሉ ጌታ እስኪመጣ ድረስ ሞቱን ትናገራላችሁ» እንደተባለ (1ኛ ቆሮንቶስ 11፥26)፣ ያ አንዱ መሥዋዕት ለእኛ የሚታደልበት ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው «ይህ ስጦታ እንዴት ይደርሰኛል?» ሲባል ነው። ጌታ ራሱ ባስተማረው እንሂድ። «ያመነ የተጠመቀም ይድናል» (ማርቆስ 16፥16)። «ሰው ከውኃና ከመንፈስ ካልተወለደ በቀር ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ሊገባ አይችልም» (ዮሐንስ 3፥5)። «የሰውን ልጅ ሥጋ ካልበላችሁ ደሙንም ካልጠጣችሁ በራሳችሁ ሕይወት የላችሁም» (ዮሐንስ 6፥53)። «እስከ መጨረሻ የሚጸና ግን እርሱ ይድናል» (ማቴዎስ 24፥13)። እነዚህ አራቱ እርስ በርስ አይጣሉም። እምነት መነሻ ነው፤ ጥምቀት ልደት ነው፤ ቁርባን ምግብ ነው፤ መጽናት ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው። ሐዋርያው ለኤፌሶን ሰዎች በጸጋ ድናችኋል ይላል፤ ለሮሜ ሰዎች ደግሞ መዳናችን ካመንንበት ጊዜ ይልቅ ዛሬ ቀርቦናል ይላል (13፥11)። በተጠመቅንበት ቀን የተጀመረ፣ ዛሬም የምንኖርበት፣ በትንሣኤ ሙታን የሚፈጸም ነው ማለት ነው።

ሥራስ? ኤፌሶን 2ን ስታነቡ 8ና 9 ላይ አታቁሙ፤ 10 አለ። «መልካሙን ሥራ ለማድረግ በክርስቶስ ኢየሱስ ተፈጠርን» ይላል። ሥራ የጸጋው ዋጋ አይደለም፤ ጸጋው የሚሠራው ነው። ያዕቆብ 2፥26 ደግሞ እምነት ያለ ሥራ የሞተ ነው ይላል። ጾምና ስግደት በእግዚአብሔር ላይ ምንም አይጨምሩም፤ ጸጋውን የሚገፋውን የእኛን ፈቃድ ያለዝባሉ። ይህን ያልተረዳ ሰው ሁለት ጉድጓድ አለበት፤ ወይ «55 ቀን ጾሜያለሁና ይገባኛል» ይላል፣ ወይ «ምን ያደርግልኛል» ብሎ ይተዋል።

አሁን ወደ ቅድስና ልምጣ፤ ይህን በጣም እወደዋለሁ፣ ታገሡኝ። ከቁርባን በፊት ካህኑ «ቅድሳት ለቅዱሳን» ይላል፤ የተቀደሰው ለተቀደሱት ነው። ይህን ሰምቶ የማይደነግጥ ማነው? እንግዲህ ሕዝቡ የሚመልሰውን ልብ በሉ። «አዎን፣ ቅዱሳን ነን» አይልም። «አሐዱ አብ ቅዱስ፣ አሐዱ ወልድ ቅዱስ፣ አሐዱ ውእቱ መንፈስ ቅዱስ» ይላል። ቅድስና የእግዚአብሔር ነው፤ እኛ ከእሱ ተቀብለን ነው የምንቀደሰው። ወዲያውም «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያልን 41 ጊዜ ምሕረት እንለምናለን። የቅድስና ጥሪ፣ የቅድስና ምንጭ፣ የንስሐ ጩኸት፣ ከዚያ ማዕዱ። ቅደም ተከተሉ ራሱ ትምህርት ነው።

«ብቁ ስሆን እቆርባለሁ» የሚለው ነገር እዚህ ላይ ይወድቃል። ያ ቀን አይመጣም። በራሱ ብቁ የሆነ አንድም ሰው የለም። ግን ደግሞ 1ኛ ቆሮንቶስ 11፥27-29 ሳይገባው የበላ የጌታ ሥጋና ደም ዕዳ እንዳለበት፣ ሰው ራሱን እንዲፈትን ይናገራል። ራሱን ይፈትንና ይብላ ነው ያለው፤ ራሱን ይፈትንና ይቅር አላለም። በሕይወቱ የያዘውን ኃጢአት ሊተው ያልወሰነ ሰው ይታገሥ፤ ተናዝዞ፣ ካህኑ የሰጡትን የንስሐ ቀኖና ፈጽሞ፣ እየታገለ ያለ ሰው ግን ይቅረብ። ከቆረብን በኋላ የሚባለውም «ነአኩቶ ለእግዚአብሔር ቅድሳቶ ነሢአነ፤ ከመ ለሕይወተ ነፍስ ይኩነነ ፈውሰ» ነው፤ ለነፍስ ሕይወት ፈውስ ይሁነን። ፈውስ የሚሻው የታመመ ነው። ቁርባንን ለሽማግሌዎች ማቆየት እንግዲህ ወጣቱ ፈተናው በበረታበት ዕድሜ ያለ ፈውስ እንዲታገል መተው ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንዲህ የሚል ሥርዓት የለም፤ ልማድ ነው፤ እኔ በበኩሌ ጎጂ ልማድ ነው እላለሁ።

የለገጣፎው፦

እኔ የወንጌላውያን አማኝ ነኝ፤ ጥያቄው ስለ ጸጋ ስለሆነ በአክብሮት ልጨምር። ሥራ የእምነት ፍሬ መሆኑን፣ ኤፌሶን 2፥10ም መነበብ እንዳለበት እኛም እንስማማለን። ልዩነታችን ያለው ጽድቅ የሚቆጠርልን በእምነት ብቻ ነው በምንለው ላይ ነው፤ ሮሜ 4፥5 የምንጠቅሰው ለዚህ ነው። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ሳይጠመቅ፣ ሳይቆርብ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ተብሏል (ሉቃስ 23፥43)። እኅታችንን የምመክራት፣ በየትኛውም ሥርዓት ውስጥ ሆና ልቧ በሥርዓቱ ሳይሆን በክርስቶስ ላይ እንዲያርፍ ነው።

የነገረ ድኅነት ተማሪ፦

ወንድሜ፣ በጨዋነት ስለ ጻፍክ አመሰግናለሁ። የመጨረሻው ምክርህን እኔም እቀበለዋለሁ፤ ቅዳሴውም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወደ እሱ ነው የሚጠራን።

ስለ ፈያታዊ ዘየማን፣ በቀኝ ስለተሰቀለው ወንበዴ ግን፣ ያ ሰው የነበረውን ጊዜ ሁሉ ተጠቅሞበታል። ባልንጀራውን ገሠጸ፣ «በእኛስ እውነተኛ ፍርድ ነው» ብሎ ኃጢአቱን አመነ፣ የክርስቶስን ንጽሕና መሰከረ፣ «በመንግሥትህ አስበኝ» ብሎ ለመነ። እምነት፣ ኑዛዜ፣ ምስክርነት፣ ጸሎት በአንድ መስቀል ላይ። ጊዜ ያልተሰጠው ሰው የዳነበት መንገድ ጊዜ ለተሰጠው ሰው ጥምቀትንና ቁርባንን አያስቀርም፤ ትእዛዙን የሰጠው ያው ጌታ ነውና። ስለ ሮሜ 4 ሌላ ጊዜ ርእስ ከፍተን ብንነጋገር ይሻላል፤ እዚህ እኅታችን የምትጠብቀው ሌላ ጥያቄ አለ።

የአባዶዋ እናት፦

ሁላችሁንም ቃለ ሕይወት ያሰማልን። አሁን ወደ ሦስተኛው እንምጣልኝ። ሦስት የሚያስጨንቁኝ ነገሮች አሉ። የንስሐ አባታችን ድሮ የምንኖርበት ካዛንቺስ አካባቢ ናቸው፤ ከዚህ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ባለቤቴ ስኳር አለበት፣ መድኃኒት ይወስዳል። ትንሹ ልጄ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሌሊት ተነሥቶ ወተት ይጠይቃል።

ወለተ ሐና፦

እኅቴ፣ አይዞሽ፤ ሦስቱም መንገድ አላቸው። ረዘም ያለ ነው፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

መጀመሪያ የንስሐ አባት። ሩቅ ናቸው ብሎ ዝም ብሎ መቅረት ትክክል አይደለም። ደውላችሁ ወይም አንድ ቀን ሄዳችሁ መራቃችሁን ንገሯቸውና በምርቃት ተሰናበቱ፤ ከዚያ በአጥቢያችሁ ካሉት ካህናት አንዱን ለምኑ። ሁለት የንስሐ አባት ይዞ ለአንዱ ያልነገሩትን ለሌላው መናገር ግን ትልቅ ጥፋት ነው፤ ሐኪሙ በሽታውን በግማሽ እንዲያይ ማድረግ ነው። ባልና ሚስት አንድ የንስሐ አባት ቢኖራችሁ ይመረጣል፤ ኑዛዜው ግን ለየብቻ ነው።

ለኑዛዜ ከመሄድሽ በፊት ጥቂት ቀን ራስሽን መርምሪ። የሚረሳ ከሆነ በወረቀት ጻፊው፤ ከተናዘዝሽ በኋላ አቃጥይው። ስትናዘዢ የሠራሽውን በቀጥታ ተናገሪ፤ ምን እንደሆነ፣ አንድ ጊዜ ይሁን የተደጋገመ። የባልሽን፣ የአማትሽን፣ የጎረቤትሽን ኃጢአት አትዘርዝሪ። «እሱ ስላናደደኝ ነው» የሚል ነገር ሲበዛ ኑዛዜው ክስ ይሆናል። የተበዳደራችሁት፣ የወሰዳችሁት የሰው ገንዘብ ካለ መመለስ የንስሐው አካል ነው። ካህኑ ቀኖና ይሰጣሉ፤ ጾም፣ ስግደት፣ ከመዝሙረ ዳዊት በየቀኑ የሚደገም፣ ምጽዋት። የቀኖናው ልክ እንደ ሰውየው ጤናና ሁኔታ ነው፤ የሌላ ሰው ቀኖና ለምን ቀለለ አይባልም። ያልተባልሽውን በራስሽ አትጨምሪ። የከበደሽም ከሆነ ከመተውሽ በፊት ተመልሰሽ ንገሪያቸው፤ የሚሻሻልበት ሥልጣን የእሳቸው ነው። ቀኖናው ሲያበቃ ተመልሳችሁ ሥርየት ትቀበላላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ቀኖናውን ጨርሶ ለካህኑ ሳይነግር ይቀራል።

ጋብቻችሁን በተመለከተ፣ ሥርዓተ ተክሊል፣ አክሊል የሚደፋበት ጋብቻ፣ በድንግልና ለተጠባበቁ ሙሽሮች ነው። አብራችሁ የኖራችሁ፣ ልጅ ያፈራችሁ ስለሆናችሁ ለእናንተ የሚሆነው ከንስሐ በኋላ የመዓስባን (በድንግልና ላልሆኑ ተጋቢዎች የሚደረገው) ጸሎት ተደርጎላችሁ በአንድነት መቁረብ ነው። አክሊሉ ባይደፋላችሁም ጋብቻው በሥጋ ወደሙ የታተመ ነው፤ አያንስም። የሚጠየቀውን ማስረጃ አስቀድማችሁ ከአጥቢያው ጽሕፈት ቤት አጣሩ፤ የክርስትና ስማችሁን፣ የሰማንያውን ወረቀት፣ የንስሐ አባት ምስክርነት ይዛችሁ ብትሄዱ መመላለስ ይቀንሳል። አንድ ነገር በግልጽ ልንገራችሁ፤ በቁርባን የጸና ጋብቻ እንደ ውል አይፈርስም። በመካከላችሁ ያልተፈታ ጠብ ካለ መጀመሪያ እሱን ፍቱ።

ከቁርባኑ በፊት 3 ቀን፣ ከቁርባኑም በኋላ 2 ቀን ባልና ሚስት ከመኝታ ይታቀባሉ። የወር አበባሽ ከመጣ ወደ ሌላ ቀን ይተላለፋል፤ አትረበሺ፣ ቅጣት አይደለም። ከመቁረብ በፊት ከእህልና ከውኃ 18 ሰዓት መጾም አለ። እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ የምትቆርቡ ከሆነ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ምንም አትቀምሱም ማለት ነው። ጥርስ መፋቁን ቅዳሜ ከሰዓቱ በፊት ጨርሱት፤ ጠዋት ስትጉመጠመጡ ውኃ እንዳይወርድ ነው።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ መድኃኒቱን በራሱ ሥልጣን እንዳያቋርጥ። ስኳር ያለበት ሰው 18 ሰዓት ባዶ ሆዱን መቆየቱ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል፤ በተለይ ኢንሱሊን የሚወጋ ከሆነ። ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ሐኪሙ ያለውን ለንስሐ አባቱ ይንገር። ሕመምተኛን በጾም የማያስጨንቅ ሥርዓት ቤተ ክርስቲያን አላት፤ ፈቃዱን የሚሰጡት ግን ካህኑ ናቸው። ደብቆ መብላትም ደብቆ መጾምም ትክክል አይደለም።

የሁለት ዓመቱ ልጅ 18 ሰዓት አይጠየቅም። ማታ ዘግየት አድርገሽ በደንብ አብይው፤ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ወተቱን አቆይለት፤ ልኩን ካህኑ ይንገሩሽ። ሌሊት ወተቱን ከጠጣ ግን አትደብቂ፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆይ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ከተጠመቁ ጀምሮ ሕፃናት የዚህ ማዕድ ባለቤቶች ናቸው፤ ክርስትና የተነሡ ዕለት ቆርበው እስከ ሽምግልና የሚጠፉ መሆናቸው ነው ስሕተቱ። ቅዳሴው ሲረዝምበት ይነጫነጫል፤ ያን ጊዜ ወደ በሩ ወጣ አድርገሽ አስተንፍሰሽ መመለስ ነው እንጂ ብስኩት ማጉረስ አይሆንም፤ በብስኩት ምክንያት ሳይቆርቡ የሚመለሱ ሕፃናት ብዙ ናቸው።

ቀኑ ሲደርስ ጫማችሁን አውልቁ፤ ነጠላችሁን አጣፉ። ሥጋውን ካህኑ በእጁ ያቀብላል፤ ደሙን ዲያቆኑ በማንኪያው፣ በዕርፈ መስቀል ያጠጣል። አትቸኩሉ፣ አፋችሁን ከፈት አድርጉ፣ ሥጋውን በጥርስ ሳታላምጡ ዋጡ። ከተቀበላችሁ በኋላ አፋችሁን በነጠላችሁ ሸፍኑ፤ የቅዳሴ ጠበል እስክትጠጡ ድረስ አትናገሩ። በዚያ ቀን ምራቅ አይተፋም፤ አጥንትና ተላምጦ የሚተፋ ነገር አይበላም፤ ገላ አይታጠቡም፤ በባዶ እግር አይሄዱም፤ ስግደትም የለም። የሚያስመልስ ሕመም ወይም የእርግዝና ማቅለሽለሽ ያለበት ሰው ቀድሞ ለካህኑ ይናገር። ይህ ሁሉ የተቀበልነውን ለማክበር ነው፤ በፍርሃት ተጨናንቃችሁ ደስታውን እንዳታጡት።

ዘሰሜን በር፦

ወለተ ሐና ከጻፈችው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰዓቱ በጾም ወራት ይለያል። በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ በአዘቦት ቀናት ቅዳሴው የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት የሚቆርብ ሰው ጾሙን የሚጀምረው ከዋዜማው ሌሊት 3 ሰዓት ነው። እንዲያውም ለትንንሽ ልጆች እናትና ለሥራ ሰው ይህ ይቀላል፤ እራት በልቶ መተኛት ይቻላል፤ ከሰዓት በኋላም ታክሲ አለ። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ይቀደሳል፤ ሕፃናትም በብዛት የሚቆርቡበት ወቅት ነው። ንስሐውን ከአሁኑ ጀምራችሁ ቀኖናውን ብትጨርሱ ለፍልሰታ ትደርሳላችሁ። ግን የአጥቢያችሁን የቅዳሴ መግቢያ ሰዓት ከማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ አረጋግጡ፤ አገልጋይ በሚያንስበት መቃኞ ሰዓቱ ይቀያየራል።

የአባዶዋ እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዛሬ ማታ ከባለቤቴ ጋር እናነበዋለን። የመጨረሻ ጥያቄ፤ መቃኞው ጠባብ ነው፣ በየት በኩል ነው መቆም ያለብን?

ዘሰሜን በር፦

በተሠራ ቤተ ክርስቲያን ውጪኛው ቅኔ ማኅሌት፣ መካከለኛው ቅድስትና ውስጠኛው መቅደስ ተለይተው ይታወቃሉ፤ በመቃኞ ግን ብዙ ጊዜ የሚለያቸው መጋረጃ ነው። የሚቆርብ ሰው ቅድስት ውስጥ ይቆማል። ወንዶች በሰሜን፣ ሴቶች በደቡብ በኩል ናቸው፤ ወደ መቅደሱ ፊትሽን ስታዞሪ ምሥራቅን እያየሽ ስለሆነ የሴቶቹ በቀኝሽ ነው። ትልቁ ልጅ ከአባቱ ጋር ይቁም፣ ትንሹን አንቺ ያዢው። ቦታ ከጠበበ ውጭ መቆም ነውር የለበትም፤ ለቁርባኑ ሰልፍ እንዳትርቂ ግን «ቅድሳት ለቅዱሳን» ከመባሉ በፊት ወደ በሩ ቅረቢ።